«ደህና ነኝ» የሸሸገው ሌሊት

የድሬ ዳዋ ሙቀት ለሌሊቱም አልራራም። ቀፊራ ገበያ ስትቸረችር የዋለች እናት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደረቷ ታፍኖ ነቃች፤ ትንፋሿ ሲር ሲር ይል ነበር። ልጆቿን ላለመቀስቀስ ደጃፏ ላይ ወጥታ ተቀመጠች፤ የአስም ፓፏን ሳብ አድርጋ ንጋትን ጠበቀች።

ረፋዱ ላይ ለቀጠሮዋ ሐኪም ቤት ስትደርስ ደረቷ ተከፍቶ ነበር። «እንዴት ነሽ?» አላት ሐኪሙ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» አለች። ማዳመጫው አንዳች ነገር አልሰማም። ያው የድሮው መድኃኒት ተጻፈላትና ወጣች።

አልዋሸችም። በአገሯ ለሰላምታ የሚመለሰው ምስጋና ነው። እንዲህ ያለች እናት ድሬም፣ ለንደንም፣ ኒውዮርክም ነበረች። አስም ሌሊት መጥቶ ቀን ይሸሻል። የሸሸን ሌባ በምን መያዝ ይቻላል?

ሐኪሞች መጀመሪያ ያመኑት መሣሪያን ነበር። ፈረንሳዊው ሬኔ ላኤኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 የደረት ማዳመጫን ፈለሰፈ፤ ማዳመጫው ግን የዚያችን ሰዓት ትንፋሽ ብቻ ሰማ። እንግሊዛዊው ጆን ሃቺንሰን በ1846 ሳንባ የሚያስወጣውን አየር የሚለካ ስፓይሮሜትር አስተዋወቀ፤ እሱም የሌሊቱን ምስጢር አላወጣም። በ1959 ማርቲን ራይት የትንፋሽን ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ይዞ መጣ። መሣሪያው ኋላ ላይ አንሶ በእጅ የሚያዝ ሲሆን ሕሙማን ቤታቸው ወሰዱት፤ የማለዳው ቁጥር ከማታው ዝቅ ሲል የሌሊቱ ዱካ ታየ። ሆኖም ዱካው ሁልጊዜ አልታመነም። ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሳለ ደረጃ መውጣት ያቃተው ሰው ነበር። መሣሪያው ያልነገራቸውን ማን ይንገራቸው?

መልሱ ከመጀመሪያው አንስቶ ፊታቸው ተቀምጦ ነበር፦ ሕመምተኛው ራሱ። የጎደለው ጥያቄው ነበር።

በ1999 ኤልዛቤት ጁኒፐርና ባልደረቦቿ የአስም ሐኪሞችን አማክረው ሰባት ነጥቦች ያሉት መጠይቅ አወጡ። ይሁን እንጂ ከሰባቱ አንዱ የሳንባ ልኬት ነበር። ስፓይሮሜትር የሌለው ክሊኒክ ምን ያድርግ?

አሜሪካ ውስጥ ሮበርት ናታንና ባልደረቦቹ 22 ጥያቄዎች አዘጋጅተው ለ471 የአስም ሕሙማን አቀረቡ። ስፔሻሊስቶችም በስፓይሮሜትር ከለኩ በኋላ የእያንዳንዱ ሰው አስም ምን ያህል በቁጥጥር ሥር እንደሆነ ፈረዱ። ከዚያ ወሳኙ ሥራ መጣ፤ ከስፔሻሊስቱ ፍርድ ጋር አብረው የሚሄዱት የትኞቹ ጥያቄዎች ናቸው? ሃያ ሁለቱ እንደ ጤፍ ተነፉ።

አምስት ቀሩ። ባለፉት አራት ሳምንታት አስሙ ከሥራ ስንቴ አስተጓጎለህ? ትንፋሽ ስንቴ አጠረህ? ሌሊት ስንቴ ቀሰቀሰህ? የማስታገሻ ፓፍ ስንቴ ወሰድህ? አንተስ አስምህን ምን ያህል የተቆጣጠርከው ይመስልሃል? እያንዳንዱ መልስ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ተሰጠው፤ ድምሩ ከ25 ተይዞ 19 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አስሙ በቁጥጥር ሥር አይደለም ተባለ። ሥራው በ2004 ታተመ። መጠይቁ መብራት አልጠየቀም፤ ማንበብ ለማይችል ሰውም ሊነበብለት ቻለ።

የኢትዮጵያ ሐኪሞችም ያንኑ መንገድ ያዙ፤ «እንዴት ነህ?» ከማለት አልፈው ሌሊቱን አስቆጠሩ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሪፈራል ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት አስማቸው ከቁጥጥር የወጣ ብዙ ሕሙማንን አገኘ። ከዚህ ጋር ተያይዘው ከታዩት ነገሮች መካከል የማገዶ ጭስና ፓፍን በትክክል አለመሳብ ይገኙበታል። ሁለቱም ማዳመጫ የማይሰማቸው፣ ሁለቱም ሊስተካከሉ የሚችሉ ነበሩ።

የቀፊራዋ እናት በሚቀጥለው ቀጠሮዋ እንደ ልማዷ «አልሐምዱሊላህ» አለች። ሐኪሙ ምስጋናዋን ተቀብሎ ጠየቃት፦ «ባለፉት አራት ሳምንታት ሌሊት ስንቴ ነቃሽ?» ዝም አለች። ከዚያ ጣቶቿን ማጠፍ ጀመረች፤ አንድ እጅ አልበቃትም።

ሐኪሙ መድኃኒት ለመጻፍ አልቸኮለም። «እስቲ ፓፍሽን አውጪና እንዴት እንደምትስቢው አሳዪኝ» አላት።