የአባይ ዓሣ ትርፍ ከመንጠቆው ይጀምራል

ግንደወይን ስሟ የሚነሣው በእህል እንጂ በዓሣ አይደለም። ይሁን እንጂ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ሰሜናዊ ወሰን አባይ ነው። ከደጋው ሜዳ ተነሥቶ ቁልቁለቱን ወደ በረሃው የሚወርድ ሰው ወረዳውን ከደቡብ ጎንደር የሚለየውን ወንዝ ያገኛል፤ በወንዙ ውስጥ ደግሞ የደጋው ገበያ እምብዛም የማያውቀው ሸቀጥ አለ። ይህን ሸቀጥ ለማውጣት የሚጠይቀው መነሻ ካፒታል ከአንዲት በግ ዋጋ ያንሳል፤ ጥቂት መንጠቆ፣ አንድ ጥቅል የናይለን ክር፣ ቁራጭ እርሳስና ከጓሮ የተቆፈረ ትል ይበቃል። ካፒታሉ እንዲህ ካነሰ ኪሳራው ከየት ይመጣል ቢባል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከዕቃ ምርጫ ስሕተት ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት የሚፈጸመው ገና ሱቅ በር ላይ ነው። የመንጠቆ ቁጥር አዲስ ገዢን ያሳስታል፤ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳልና። ቁጥር 10 ከቁጥር 4 ያነሰ ነው። ከቁጥር 1 ሲታለፍ ግን አቆጣጠሩ ይገለበጥና 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባለ ወደ ትልቅነት ይሄዳል። ይህን ሳያውቅ «ትልቁን ስጠኝ» ብሎ ቁጥር 12 ይዞ የሚወርድ ሰው ጣት የማታህል ዓሣ ሲያወጣ ይውላል።

ትክክለኛው ቁጥር የሚወሰነው በሚፈለገው የዓሣ ዓይነት ነው። ጣናም ሆነ አባይ ላይ «ነጭ ዓሣ» የሚባለው፣ ሳይንሱ ላቤዎባርበስ የሚለው፣ አራት ጢም ያለውና ከንፈሩን ወደ ፊት እየዘረጋ የወንዙን ወለል የሚዳስስ ነው። ለእርሱ ከቁጥር 4 እስከ 8 ያለው መንጠቆ ይስማማዋል፤ ማባበያው የመሬት ትል፣ በደንብ የታሸ የስንዴ ሊጥ ወይም የተቀቀለ በቆሎ ሊሆን ይችላል። ሊጡ ጠንከር ካላለ ውኃው በጥቂት ደቂቃ ያጥበዋል፤ ዓሣ አጥማጁም ባዶ መንጠቆ ይዞ ይቀመጣል። አምባዛ ግን ሌላ ነው። አፉ ሰፊ ነው፤ ምግቡንም ከዓይኑ ይልቅ በጢሙና በሽታ ይፈልጋል፤ በይበልጥ የሚበላውም ሲመሽ ነው። ከ1/0 እስከ 3/0 የሚደርስ ጠንካራ መንጠቆ፣ የዶሮ አንጀት፣ የጉበት ቁራጭ ወይም ትንሽ ዓሣ ይጠይቃል። ደጋው ላይ የሚጣለው የእርድ ትርፍራፊ እዚህ ግብዓት ሆነ ማለት ነው፤ ዋጋውም ከዜሮ ብዙ አይርቅም። ቀረሶ በአንጻሩ ዋና ምግቡ በውኃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ አልጌ ስለሆነ በመንጠቆ ቶሎ አይያዝም፤ ለእርሱ ብሎ መንጠቆ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ባይጥል ይሻላል።

በነገራችን ላይ በዚህ ጉዳይ የሚጨነቀው የጎጃም ሰው ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ጠጠር ተቆፍሮ በወጣበት ጉድጓድ ውኃ ሲሞላ የነጭ ዓሣ የሩቅ ዘመድ የሆነው ቴንች ይረባበታል። እዚያም ክርክሩ ትል ይሻላል ወይስ በቆሎ፣ መንጠቆው ስንት ቁጥር ይሁን የሚል ነው። ልዩነቱ እነርሱ ብዙውን ጊዜ የያዙትን ዓሣ መዝነው ወደ ውኃው መመለሳቸው ነው። ከአባይ በረሃ ዳገቱን የሚወጣ ሰው ግን ዓሣውን መሸጥ አለበት።

ክርም እንደ ወቅቱ ይለያያል። በክረምት ወንዙ በጎርፍና በደለል ስለሚሞላ ዓሣው ክሩን አያይም፤ ሽታ ያለው ማባበያ ይሻላል። ከኅዳር በኋላ ውኃው ሲጠራ ግን ወፍራም ክር ነጭ ዓሣን ያሸሻል፤ 0.30 ወይም 0.35 ሚሊ ሜትር የሆነ ክር ይበቃል። ለአምባዛ 0.60 እና ከዚያ በላይ የግድ ነው። ትልቁ ወጪ ግን ከዓሣው ሳይሆን ከድንጋዩ ይመጣል። የአባይ ወለል ድንጋያማ በመሆኑ እርሳሱ በስንጥቅ ሲገባ መንጠቆውም ክሩም አብረው ይቀራሉ። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ በእርሳስ ፈንታ ጠጠር በቀጭን የጥጥ ክር ከዋናው ክር ጋር ማሰር። ጠጠሩ ሲያዝ ቀጭኑ ክር ይበጠሳል፤ የተገዛው ዕቃ ይተርፋል። ክሩ ረዘም ማለቱ ሌላም ጥቅም አለው። በአባይ በረሃ አዞ ስላለ ውኃ ውስጥ ገብቶ መቆም አይመከርም።

ይህን ሁሉ ከመምረጥ መረብ መዘርጋት ወይም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ መበተን አይቀልም ወይ የሚል ይኖራል። ይቀላል። ብርብራ ግን ትልቁንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ይገድላል፤ በአዋጅ ቁጥር 315/1995 መሠረትም ዓሣን በመርዝ ማጥመድ የተከለከለ ነው። የመረብን ነገር ደግሞ ጣና አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ ከገባ በኋላ ምርቱ አደገ፤ እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች አፍ የሚሰበሰበው ነጭ ዓሣም በክረምቱ ማብቂያ በገፍ ተያዘ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል የነጭ ዓሣ ክብደት በ75 በመቶ መቀነሱን መዝግበዋል። ዋናው ሀብት እየተበላ ወለዱ ሊቀጥል እንደማይችል ለማወቅ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ አያስፈልግም። ቁጥር 6 መንጠቆ ግን ጫጩቱ በቀላሉ አይጎርሰውም፤ ለከርሞ ይተወዋል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የገበያው ጥያቄ ነው፤ ከባዱም እርሱ ነው። ውኃው ጠርቶ ለመንጠቆ የሚመቸው ወቅት ከሁዳዴ ጋር ይገናኛል። በአዲስ አበባ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ የዓሣ ፍላጎት ይጨምራል። በመርጡለ ማርያምና በደብረ ወርቅ አካባቢ ግን በጾም ዓሣ የማይቀምሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ምርቱ በሚገኝበት ወቅት የአካባቢው ገዢ ይጠፋል፤ የሩቁ ገዢ ደግሞ ትኩስ ዓሣ በረሃውን አልፎ ሳይበላሽ አይደርሰውም።

መላው ከጣና ሊቀዳ ይችላል። ከዚያ የደረቀ ዓሣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሲላክ ኖሯል። ዓሣው እንደተያዘ ሆዱ ይጸዳል፤ ለሁለት ተሰንጥቆ ጨው ይታሻል፤ በበረሃው ሙቀትና ነፋስ ይደርቃል። ከሦስት አራተኛ ያላነሰው ክብደቱ ውኃ በመሆኑ ከሙሉው ዓሣ ሲሶውም ላይቀር ይችላል። አህያዋ በዳገቱ የምትሸከመው ውኃ ሳይሆን ቋንጣ ይሆናል፤ ሻጩም ሁዳዴ እስኪያልፍና የፋሲካው ሥጋ ተበልቶ እስኪያልቅ ዕቃውን ይዞ መጠበቅ ይችላል። በዚህ ሒሳብ ከመንጠቆውና ከክሩ ይልቅ ብዙ ገንዘብ የሚበላው ጨው ነው፤ እርሱም ቁልቁለቱን አብሮ መውረድ አለበት።