የስንዴ ቡቃያ ጭማቂን ከምግብ ጋር ስለ መጨመር

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

1. መግቢያ

የስንዴ ቡቃያ ጭማቂ በልዩ ልዩ አገሮች ለጤና ተስማሚ መጠጥ ነው እየተባለ ይሸጣል። ወሬው ወደ እኛም ደርሶ፣ በከተማና በከተማ አካባቢ ያሉ ማኅበራት ቡቃያውን አብቅለው ለገበያ ለማቅረብ ሲያስቡ፣ አስቀድመው የሚያማክሩት በአቅራቢያቸው ያለውን የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነው። በዚህ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። ጭማቂው በእርግጥ ይጠቅማልን? ከምን ዓይነት ዘርና በምን አኳኋን ይዘጋጃል? ስንዴን በዚህ ሥራ ላይ ማዋልስ ያዋጣልን? ይህ ጽሑፍ ሠራተኛው ለእነዚህ ጥያቄዎች የተመዛዘነ መልስ እንዲሰጥ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው። ከሦስቱ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ የሚረሳው የዘሩ ጉዳይ ሲሆን፣ ከሁሉም የከፋ አደጋ ያለውም እዚያው ላይ ነው።

2. ቡቃያው ምንድን ነው?

የስንዴ ቡቃያ ማለት የተለመደው ስንዴ በቅሎ፣ አንጓ ከማውጣቱ በፊት፣ ገና ለጋ ቅጠል ሳለ የሚታጨደው ነው። በዚህ ዕድሜው ተክሉ ቅጠል እንጂ አገዳ የለውም። አንጓ ማውጣት ሲጀምር ግን ጭረቱ እየበዛና እየጠነከረ ይሄዳል።

ሰው ሣርን እንደ ከብት አመንዥኮ ሊፈጭ አይችልም። ስለዚህ ቅጠሉ ተወቅጦና ተጨምቆ ውኃው ብቻ ይጠጣል፤ ጭረቱ ይጣላል። ይህ ለመጠጣት ቢያመችም፣ አትክልት ለአንጀት ከሚሰጠው ጥቅም አንዱ የሆነው ጭረት እንደሚቀር መዘንጋት የለበትም።

የቡቃያው ዝና የተነሣው ከእርሻ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ የካንሳስ ሲቲ የእርሻ ኬሚስት የነበረው ቻርልስ ሽናቤል የለጋ እህል ቅጠል ለዶሮዎች እየመገበ ጥቅሙን ይመረምርና ያስተዋውቅ ነበር። በኋላም በቦስተን ከተማ ትኖር የነበረችው አን ዊግሞር ትኩስ ጭማቂውን ለሰዎች በሰፊው አስተዋወቀች። ነገር ግን የእርሷ አመጋገብ የስኳር ሕመምተኞችን ከኢንሱሊን ያድናል፣ ሕፃናትንም ከክትባት ነፃ ያወጣል የሚል ንግግር በመጨመሯ፣ የማሳቹሴትስ ግዛት ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1982 ከሰሳት፤ በፍርድ ቤትም ተረትታ ይህን ማለት ተወች። የጭማቂው ታሪክ የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ለጋ ቅጠል ጥሩ ምግብ መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒት ነው መባሉ ግን ሌላ ነው።

3. በጭማቂው ውስጥ ያለውና የሌለው

ሀ) በቡና ስኒ የሚጠጣው 30 ሚሊ ሊትር ያህል ጭማቂ ከሌሎች አረንጓዴ ቅጠሎች ጋር የሚመሳሰል ጥቂት ቪታሚንና ማዕድን ይሰጣል። የፕሮቲኑ መጠን ግን ከ1 ግራም ያንሳል፤ ቪታሚን ሲውም 1 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ነው። በአንጻሩ 100 ግራም ጥሬ ጎመን ከ30 ሚሊ ግራም በላይ ቪታሚን ሲ አለው። ጎመኑ ሲቀቀል ግማሽ ያህሉን ቢያጣ እንኳ ከስኒው ጭማቂ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ለ) «ክሎሮፊል ደም ይሆናል» የሚባለው ትክክል አይደለም። በቅጠል ያለው ክሎሮፊልና በደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን በቅርጻቸው ይመሳሰላሉ። ይሁን እንጂ በክሎሮፊል መካከል የሚገኘው ማግኒዥየም ሲሆን፣ በሄሞግሎቢን መካከል የሚገኘው ብረት ነው። የደም ማነስ ያለበት ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም የሚያዝለት እንጂ የቅጠል ቀለም አይደለም።

ሐ) ጭማቂውን በሕመምተኞች ላይ የመረመሩ ጥናቶች ጥቂትና ትናንሽ ናቸው። ለምሳሌ በእስራኤል ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት 23 የትልቁ አንጀት ቁስለት ሕመምተኞችን በሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን ለአንድ ወር በየቀኑ 100 ሚሊ ሊትር ጭማቂ በማጠጣት የተወሰነ መሻሻል አሳይቷል። ይህ ተጨማሪ ምርምር የሚያስፈልገው ፍንጭ ነው፤ ለገበያ ማስታወቂያ የሚበቃ ማስረጃ ግን አይደለም።

እንግዲህ መልሱ ይህ ነው። ጭማቂው በምግብ ላይ ሊታከል ይችላል፤ የምግብን ቦታ ግን አይወስድም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይመክራል። ይህን አንድ ስኒ ጭማቂ አይሞላውም።

4. ስለ ዘሩ፦ ከሁሉ አስቀድሞ የሚደረግ ጥንቃቄ

በማኅበር መጋዘን የሚገኘው ምርጥ ዘር ብዙውን ጊዜ ከበሽታና ከተባይ እንዲጠበቅ በኬሚካል የታሸ ነው። በቀይ፣ በሐምራዊ ወይም በሌላ ቀለም የሚቀባውም ሰው እንዳይበላው ለማስጠንቀቅ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ አንድ ቀን በአንድ መጋዘን ደጃፍ ሲያልፍ፣ አንዲት እናት ከዘር የተረፈ ቀይ ስንዴ በገበቴ ሲያጥቡ አገኛቸው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቃቸው «ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ ቀለሙ ለቅቋል። ትንሽ አብቅዬ ለልጆቹ ልጨምቅላቸው ብዬ ነው» አሉ። ሴትዮዋ ቸልተኛ አልነበሩም። እንዲያውም ተጠንቅቀው ነበር። የጎደለው ነገር ቀለሙና መርዙ አንድ አለመሆናቸውን የነገራቸው ሰው ነው።

ይህ ስሕተት በአንድ አገር ላይ ያደረሰው ጉዳት በታሪክ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ1971 ዓመተ ምሕረት ወደ ኢራቅ በሜርኩሪ የታሸ የስንዴና የገብስ ዘር ገባ። በጆንያዎቹ ላይ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ገበሬው በማያውቀው ቋንቋ ነበር። ዘሩ በብዙ ስፍራ የደረሰው የመዝሪያው ወቅት ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ ብዙ ቤተሰቦች አጥበው ቀለሙ ሲለቅ መርዙም የለቀቀ መስሏቸው ዳቦ ጋገሩበት። በዚያ ክረምትና በተከታዩ 1972 መጀመሪያ 6,530 ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ ከእነዚህም 459 ሞቱ።

በሜርኩሪ ዘር ማሸት ዛሬ በብዙ አገሮች ተከልክሏል። ቢሆንም ዛሬ ዘር የሚታሽባቸው ኬሚካሎችም ለምግብ የተሠሩ አይደሉም። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ሆን ተብሎ ከዘሩ ወደ ቡቃያው ሰርገው ገብተው ለጋውን ተክል እንዲጠብቁ የተዘጋጁ ናቸው። ማሳ ላይ ተዘርቶ ከወራት በኋላ የሚታጨደው ስንዴ ጊዜ ያገኛል። በአሥር ቀን የሚታጨደው ቡቃያ ግን ኬሚካሉን ተሸክሞ ሊጨመቅ ይችላል። ስለዚህ፦

• የታሸ ዘር ለቡቃያ፣ ለብቅል፣ ለቆሎ ወይም ለዱቄት በምንም ምክንያት አይውልም። ማጠብም ሆነ መዘፍዘፍ አያድነውም።
• ለቡቃያ የሚውለው ለምግብ ከተቀመጠ ንጹሕ ስንዴ ብቻ ነው። በጎተራ ሳለ የነቀዝ መድኃኒት የገባበት እንደሆነም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ከገባበት ሌላ ስንዴ ይመረጣል።
• የታሸ ዘር የነበረበት ጆንያና ዕቃ እህል አይያዝበትም።
• የልማት ጣቢያ ሠራተኛው የዘር ጆንያ በሚያከፋፍልበት ቀን ሁሉ ይህን በቃል ይንገር። በጆንያው ላይ መጻፉ ብቻ አይበቃም።

5. አዘገጃጀት

እስኪጎነቁል ድረስ ሥራው ከብቅል ሥራ ብዙም ስለማይለይ ለእናቶች እንግዳ አይሆንም።

1ኛ. ስንዴውን ለቅሞና አጥቦ በንጹሕ ውኃ ከ8 እስከ 12 ሰዓት መዘፍዘፍ።
2ኛ. ውኃውን አጥልሎ ጫፉ ነጭ እስኪያወጣ ድረስ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ማቆየት፤ በየመካከሉም ማለቅለቅ።
3ኛ. ታችኛው ክፍሉ ውኃ በሚያንጠባጥብ ዝርግ ትሪ ላይ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ንጹሕ አፈር ማድረግ። ያልተብላላ ፍግ መጨመር ፈጽሞ አይገባም።
4ኛ. የጎነቆለውን ዘር በስሱ አስጥቶ፣ ቡቃያው እስኪቆም ሁለት ወይም ሦስት ቀን መሸፈን፤ ከዚያም ብርሃንና ነፋሻ አየር ወዳለበት ማውጣት።
5ኛ. ለመጠጥ በሚያገለግል ንጹሕ ውኃ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በልክ ማርከፍከፍ። ከከተማ ፍሳሽ ጋር የተቀላቀለ የወንዝ ውኃ አይደረግበትም።
6ኛ. ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ፣ ከዘሩ ከፍ አድርጎ በንጹሕ መቀስ መቁረጥ። በሥሩ ላይ ሻጋታ ከታየ ትሪው በሙሉ ይጣላል፤ የሻገተውን አንሥቶ ሌላውን መጠቀም አይፈቀድም።
7ኛ. ቅጠሉን አጥቦ በንጹሕ ሙቀጫ መውቀጥ፣ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለልና ወዲያውኑ መጠጣት። ጭማቂው ስላልተቀቀለ ቶሎ ይበላሻል፤ ለነገ ተብሎ አይቀመጥም።

የተጨመቀው ጭረትና የትሪው ሥር ሻጋታ ከሌለበት ለበግ ወይም ለዶሮ ይሰጣል።

6. መጠጣት የሌለባቸው ወይም ሐኪም መጠየቅ ያለባቸው

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠጣ ጤነኛ ሰው ከአንድ ስኒ ባይበልጥ ይመረጣል፤ አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል። እርጉዝ ሴቶች፣ ሕፃናትና አቅማቸው የደከመ ሕመምተኞች ያልበሰለ ጭማቂ ባይወስዱ ይሻላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አረንጓዴ ቅጠል የደም መርጋትን የሚረዳ ቪታሚን ኬ ስላለው፣ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይጀምሩ። ግሉተን የማይስማማቸውም ይጠንቀቁ። ግሉተን ያለው በፍሬው እንጂ በቅጠሉ ባይሆንም፣ በአቆራረጥ ጊዜ ፍሬ ሊቀላቀል ይችላል።

7. ለኅብረት ሥራ ማኅበራት፦ የስንዴው ሒሳብ

25 በ50 ሳንቲ ሜትር ለሆነ አንድ ትሪ 400 ግራም ያህል ስንዴ ይፈጃል። የሚገኘው ጭማቂ እንደ አበቃቀሉ ቢለያይም ከአንድ ብርጭቆ ብዙም አይርቅም። ይህንኑ 400 ግራም በሄክታር 150 ኪሎ ግራም ሒሳብ ማሳ ላይ ብንዘራው 27 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ማሳው በሄክታር 30 ኩንታል የሚሰጥ ቢሆን፣ ከዚያ የሚታፈሰው 8 ኪሎ ግራም ስንዴ ነው። ሳይዘራ ቢከካና ቢቀቀል እንኳ 400 ግራም ቅንጬ ለአንድ ቤተሰብ ቁርስ ይሆናል።

ስለዚህ ጭማቂው ገንዘብ ከፍሎ ለሚገዛ የከተማ ደንበኛ ሲሆንና የስንዴው፣ የጉልበቱና የውኃው ወጪ ተሰልቶ ትርፍ ሲተርፈው ብቻ ለማኅበር ሥራ ሊሆን ይችላል። በዚህም ጊዜ «ይፈውሳል» የሚል ቃል በማስታወቂያው ላይ አይጻፍ። መድኃኒቱን ትቶ ጭማቂ የሚጠጣ አንድ ሕመምተኛ ቢጎዳ ተጠያቂው የሸጠው ማኅበር ነው።

ለአባላት ቤተሰብ ጤና ከሆነ የታሰበው፣ ስንዴውን ለእንጀራና ለዳቦ አስቀምጦ በጓሮ ጎመን መትከል ይበልጣል። የሐበሻ ጎመን ቅጠሉ እየተቀነጠበ ለብዙ ሳምንታት ይሰጣል፤ የሚፈልገውም ትንሽ መሬትና የዕቃ እጣቢ ውኃ ነው። ሳይበዛበት ቢቀቀል፣ የተቀቀለበት ውኃ ባይደፋና ሎሚ ቢጨመቅበት ጥቅሙ ይጨምራል። ቡናና ሻይ ሰውነት ከምግብ የሚያገኘውን ብረት ስለሚቀንሱ፣ ከማዕድ ጋር ከመጠጣት ጥቂት ቆይቶ መጠጣት ይመረጣል።

8. ማጠቃለያ

የስንዴ ቡቃያ ጭማቂ ለሚወድደውና ለሚችለው ሰው ተጨማሪ አረንጓዴ ምግብ ነው። ከጎመን አይበልጥም፤ ሕመምም አይፈውስም። ሠራተኛው በመንደር ስብሰባ ላይ ሌላውን ሁሉ ለማስረዳት ጊዜ ቢያጥረው ይህችን አንዲት ነገር ሳይናገር አይመለስ፦ ቀለም የተቀባ ዘር ለመዝራት እንጂ ለመብላት አይደለም፤ ቢታጠብም፣ ቢበቅልም፣ ቢጨመቅም።