የአስፋልት ሞተርን ለይፋት ቆላ ማሰናዳት

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በርና በደብረ ሲና አድርጎ ወደ ደሴ የሚዘልቀው አስፋልት 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሸዋ ሮቢት ያደርሳል። በዚህ መንገድ ላይ ማንኛውም ሞተር ሳይክል ይሮጣል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቀበሌዎቹ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሮቢንና ጀውሃን የመሳሰሉ ከደጋው የሚወርዱ ወንዞች በክረምት በድንገት ይሞላሉ፤ በበጋ አሸዋና ድንጋይ ይተዋሉ። ጥቁሩ አፈር ዝናብ ሲነካው ጎማ ላይ ይጠመጠማል፤ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይቦናል። የግብርና ባለሙያው የዕለት ሥራ የሚያልፈው በዚህ መንገድ ነው።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል የአካባቢው አርሶ አደር አይስተውም። በ2013 ዓ.ም መኸር የበረሃ አንበጣ በሰሜን ሸዋ ቆላማ ወረዳዎች ሲወርድ ማሽላው በእርሻ ላይ ነበር። የአንበጣ መንጋ ቀን ይበራል፤ ሲመሽ ያርፋል፤ ጠዋት ፀሐይ እስክታሞቀው ድረስ ካደረበት አይነሳም። ከተነሳ በኋላ በአንድ ቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ስለሚችል፣ ያደረበትን ቦታ በማለዳ ያላገኘ አሳሽ ዕድሉን አጥቷል ማለት ነው። ማሽላውን የሚያጠቃው የግሪሳ ወፍም ማደሪያው የሚታወቀው ምሽት ላይ ወደ ቁጥቋጦው ሲገባ ነው። በሁለት ወር ተኩል ገደማ የሚደርሰው ማሾም ቢሆን ተባይ ከታየበት አንድ ሳምንት ቆይቶ ለሚመጣ ምክር ጊዜ የለውም።

ለዚህ ሥራ ታስበው የተሠሩ ሞተሮች አሉ። በአገራችን የልማት ፕሮጀክቶች ሲጠቀሙባቸው የቆዩት የያማሃ ዲቲ እና ኤጂ ሞተሮች ተጠቃሽ ናቸው። ኤጂ የተሠራው ለእርሻ ሥራ ሲሆን፣ ካቴናው ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ፣ ግራና ቀኝ መቆሚያ ያለው፣ መከላከያ ብረትና ሰፊ መጫኛ የተገጠመለት ነው። ዛሬ በየገበያው በብዛት የሚገኙት እንደ ቦክሰርና ቲቪኤስ ያሉት ግን በዋናነት ለመንገድ የተሠሩ ናቸው። እነዚህን ለገጠር መንገድ ማሰናዳት ይቻላል፤ ዘዴውም አዲስ አይደለም። የሆንዳ ሱፐር ከብ እ.ኤ.አ በ1958 ከወጣ በኋላ በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት አንድ ሻጭ የኋላውን ጥርስ አስፍቶ፣ ባለ ጉጥ ጎማ ገጥሞ ለተራራ መንገድ ሸጦታል። ሆንዳም ይህን አይቶ ለተራራ መንገድ የሚሆን የራሱን ሞተር አውጥቷል።

የመጀመሪያው ሥራ ጎማ ነው። የአስፋልት ጎማ ጥርሱ የተቀራረበ በመሆኑ ጭቃ ሲሞላው ይንሸራተታል። ባለ ጉጥ ጎማ በተመሳሳይ የቸርኬ መጠን መግዛት ይገባል። የፊት ፓራፋንጎ ከጎማው ጋር ከተቀራረበ ጭቃው መሐል ገብቶ ጎማውን ስለሚይዘው ከፍ አድርጎ መግጠም ያስፈልጋል። በአሸዋ ላይ ንፋስ በመጠኑ መቀነስ ይረዳል፤ ካላማዳሪያ ያለው ጎማ ግን ከልክ በላይ ከቀነሰ ድንጋይ ላይ ይቆረጣል። ወደ አስፋልት ሲመለሱም ንፋሱን መሙላት ግድ ነው።

ሁለተኛው ጉልበት ነው። ለዚህ ሞተሩን መነካካት አያስፈልግም፤ የካቴናውን ጥርስ መቀየር ይበቃል። ለምሳሌ የፊቱ 14፣ የኋላው 42 ጥርስ ያለውን ሞተር የኋላውን 48 ብናደርገው የመጎተት አቅሙ በ14 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በምትኩ ቀድሞ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄድበት በነበረው የሞተር ዙር 70 ይሄዳል። ዳገትና ወንዝ ለሚወጣ ባለሙያ ይህ አትራፊ ልውውጥ ነው። ካቴናውም በዚያው ልክ መርዘም አለበት። ወጪው ከከበደ የፊቱን ወደ 13 ዝቅ ማድረግ ብቻውን 8 በመቶ ገደማ ይሰጣል።

ሦስተኛው ከድንጋይ፣ ከውኃና ከአቧራ መከላከል ነው። ከሞተሩ ሥር ወፍራም ላሜራ በብሎን ማሰር፣ በጎንና በጎን መከላከያ ብረት መግጠም፣ የአየር ማጣሪያውን በበጋ ቶሎ ቶሎ ማጽዳት ያስፈልጋል። አቧራ ያለፈበት ሞተር ፒስተኑና ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። ወንዝ ሲሻገሩ ውኃው ወደ አየር ማጣሪያው መድረስ የለበትም። ውኃ ውስጥ ከጠፋም ለማስነሳት አለመሞከር፣ ይልቁንም ካንዴላውን ፈትቶ በመርገጫው ውኃውን ማስወጣት ይገባል። ከውኃ እንደወጡ ፍሬኑን ቀስ እያሉ በመያዝ ማድረቅ መዘንጋት የለበትም።

ጭነትም የራሱ ሥርዓት አለው። የመርጫ መሣሪያና የዘር ከረጢት ዝቅ ብሎና ወደ ነጂው ተጠግቶ ይታሰራል፤ ኬሚካል ከዘርና ከምግብ ጋር አብሮ አይጫንም።

መደረግ የሌለበትም አለ። ሻንሲ መቁረጥና መበየድ ብረቱን ያዳክማል፤ በተለይ መሪው የሚያርፍበት አካባቢ ከተሰነጠቀ አደጋው የከፋ ነው። የኋላ አሞርዛተር ከልክ በላይ ማስረዘም መሪውን ያቀልለዋል፤ የካቴናውን ውጥረትም ይለውጣል። የሞተርና የሻንሲ ቁጥር የተሽከርካሪው መታወቂያ ስለሆነ መነካት አይገባውም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ስላለ፣ ከጎማና ከጥርስ ያለፈ ለውጥ ከመደረጉ በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትን መጠየቅ ይበጃል። የመንግሥት ንብረት የሆነን ሞተር ደግሞ ያለ መሥሪያ ቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ መለወጥ አይቻልም።

ጉዳዩ የባለሙያው ብቻ አይደለም። ሞተር ሲገዛ ባለ ጉጥ ጎማ፣ ትርፍ ካቴናና ጥርስ፣ የሥር መከላከያ፣ የአየር ማጣሪያና የራስ ቁር በግዥ ዝርዝሩ ውስጥ ቢካተቱ በኋላ በየጋራዡ ከሚደረግ ጥገና ይረክሳል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም ለነዳጅ እንደሚመድቡት ሁሉ ለጎማና ለመለዋወጫ በጀት ሊይዙ ይገባል። ቆሞ የሚውል ሞተር በመዝገብ ላይ ቢቆጠርም ማሳ ላይ የለም።

አርሶ አደሩም ድርሻ አለው። የአንበጣ ወይም የግሪሳ ማደሪያ ያየ ሰው ቦታውን ብቻ ሳይሆን የትኛው መሻገሪያ እንደሚያሳልፍና የትኛው እንደሞላ አብሮ ቢናገር ባለሙያው በጨለማ መንገድ ሲፈልግ አያድርም። መንጋው ከመነሳቱ በፊት ያለችው ጊዜ የማለዳዋ ብቻ ናት፤ ሞተሩም የሚሰናዳው ለእርሷ ነው።