ጥበብ በትምህርት ይጸናል

በኮልፌ ቀራንዮ ሸማኔው በነጠላው ጫፍ ላይ በልዩ ልዩ ቀለም የሚያወጣውን ጌጥ ጥበብ እንለዋለን። ይህንም ሳይለማመድ ያወጣ ሸማኔ ከቶ አይገኝም። እንግዲያው ልጃችን፣ «ኮሌጅ ገብቼ ሥዕል ልማር» ሲለን፣ «ሥዕል ደግሞ ምን ትምህርት አለው!» ብለን የምንቆጣው ስለ ምን ነው?

ስለ እንጀራው ፈርተን ነው። ፍርሀቱም ከንቱ አይደለም፤ ሥዕል እንደ ጤፍ ዕለት ዕለት አይሸጥም። ነገር ግን ስጦታን የሚያጸናው ትምህርት መሆኑን ማስተዋል ይገባል። አለ ፈለገ ሰላም በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ይኸው ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው ይጠራል። የብራና ሠዓሊው የአለቃ ደስታ ልጅ ገብረ ክርስቶስም የጀመረውን የእርሻ ትምህርት ትቶ፣ በጀርመን አገር በኮሎኝ ሥዕል አጥንቶ ተመለሰና በዚሁ ትምህርት ቤት አስተማረ።

ተማሪው ብርሃንና ጥላን መለየት፣ የሰውን አካል መለካት፣ ቀለምን ማዋሐድ ይማራል። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የገባው ኖታ ያነባል፤ ቴያትር የሚያጠናውም ድምፁንና አካሉን ይገራል። ሲመረቁም ከመድረክና ከሸራ ሌላ በማስተማር፣ መጻሕፍትን በሥዕል በማስጌጥ፣ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ዝግጅት በማሰናዳት ሊተዳደሩ ይችላሉ።

ስለዚህ ወላጅ ሆይ፣ ከመቆጣትህ በፊት የልጅህን ደብተር ተመልከት። ማንም ሳያዘው በየቀኑ የሚሥል፣ የተበላሸበትንም ደግሞ የሚሠራ ከሆነ ለፈተናው ይቅረብ። ዛሬ ቢሥል ነገ የሚሰለቸው ከሆነ ግን ምክርህ ተገቢ ነው። ስጦታን የሚመሰክረው ትጋት ነውና።