ማሳከክና ሕመም በምን ይለያሉ?

ቡልቡላ ገበያ አህያ ከአጥር ጋር ስትታከክ ስናይ «አሳከካት» ብለን እናልፋለን። የጭነት ቍስል አሟትስ እንደ ሆነ? በቤተ ሙከራም ችግሩ ይኸው ነበር፤ ማጅራቷን የተወጋች አይጥ ቢያሳክካትም ቢያማትም ያው በኋላ እግሯ ታክካለች። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሺማዳና ላሞት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ጕንጯን መረጡ። ሂስታሚን ሲወጓት በኋላ እግሯ አከከች፤ ካፕሳይሲን፥ ማለት የበርበሬያችን ማቃጠያ፥ ሲሆን ግን በፊት እግሯ ጠረገች። ነገሩ ቀላል አይምሰለን፤ ሞርፊን ሕመምን ሲያስታግስ ራሱ ሊያሳክክ ይችላልና፥ መድኀኒት ሞካሪው ሁለቱን ካምታታ የሚጎዳው በሽተኛው ነው። አህያዋ ግን በሰኰናዋ ጕንጯን አትጠርግልንም፤ ጭነቱን አውርደን ጀርባዋን ማየት ነው።