የሐረር ቡና ስምና የንግድ ምልክት መብት

የንግድ ምልክት ማለት አንድ ነጋዴ ዕቃውን ከሌላው ነጋዴ ዕቃ ለይቶ የሚያሳውቅበት ቃል፣ ፊደል፣ ሥዕል ወይም የእነዚሁ ድብልቅ ነው። ገዢ ሁሉ ዕቃውን መርምሮ ለመግዛት ጊዜም ዕውቀትም ስለማይኖረው ምልክቱን አይቶ ይገዛል። ስለዚህ የሌላውን ምልክት የሚወስድ ሰው ገዢውን ያታልላል፤ ባለምልክቱንም የድካሙን ዋጋ ያሳጣዋል።

ከሐኪም ጋራ ሆኖ ቁልቁል የጀጎልን ግንብ ለሚመለከት ሰው ይህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም። ከዚህች ከተማ ስም ሁለት ዐይነት የንግድ ስም ወጥቷል። አንደኛው የሐረር ቢራ ሲሆን፣ መንግሥት ፋብሪካውን በ2003 ዓ.ም. ለሆላንዱ ሃይኒከን ኩባንያ ሲሸጥ ስሙም ዐብሮ ዐልፏል። ሁለተኛው የሐረር ቡና ነው። ይህን ስም ያስከበረው ግን አንድ ፋብሪካ ሳይሆን፣ ቡናውን ሳያጥብ ከነቅርፊቱ በፀሐይ እያሰጣ የሚያደርቀው የሐረርጌ ገበሬ ነው። እንግዲህ የብዙ ሰው የሆነ ስም ባለቤቱ ማን ይባላል?

የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት በ1997 ዓ.ም. ሐረር፣ ሲዳሞና ይርጋ ጨፌ የተባሉት ስሞች በኢትዮጵያ መንግሥት ስም እንዲመዘገቡ አሜሪካን አገር አመለከተ። ይሁን እንጂ ስታርባክስ የተባለው ኩባንያ ሲዳሞ የሚለው ቃል የገባበትን ምልክት አስቀድሞ ጠይቆ ስለ ነበር የኢትዮጵያ ጥያቄ ዕንቅፋት ገጠመው፤ ኩባንያው ጥያቄውን የተወው በኋላ ነው። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበርም ተቃወመ። የምዝገባው መሥሪያ ቤት የሐረርን ማመልከቻ በመጀመሪያ አልተቀበለውም።

የክርክሩን ፍሬ ነገር በሰዋስው ቋንቋ ልንገልጠው እንችላለን። ተቃዋሚዎቹ «ሐረር» በቡና ገበያ የወል ስም ሆኗል አሉ፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ስሙ በገዢዎች ዘንድ ራሱን የቻለ መታወቂያ ያለው የተጸውኦ ስም ነው አለች። እንዲሁም በንግድ ምልክት ፈንታ የትውልድ ቦታ ማረጋገጫ ምልክት ይሻላል የሚል ምክር ቀረበ። መንግሥት ይህን አልወደደም፤ ምክንያቱም በትናንሽ ማሳ የሚያመርተውን እጅግ ብዙ ገበሬ ተከታትሎ የእያንዳንዱን ኬሻ መነሻ ማረጋገጥ ከባድ ወጪ ይጠይቃልና ነው። ኦክስፋም የተባለው የርዳታ ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ነገሩን ለሕዝብ ካሰማ በኋላ፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር መንግሥትና ስታርባክስ ተስማሙ። ኩባንያው ስሞቹ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ዐውቆ በፈቃድ ሊጠቀምባቸው ውል ገባ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ምዝገባ የሚጠብቀው በተመዘገበበት አገር ብቻ ስለ ሆነ፣ ዕቃውን ወደ ውጭ የሚልክ ሁሉ በየገበያው አገር ማመልከት አለበት። ሁለተኛ፣ የሚቀድም ሰው ይጠቀማል፤ የዘገየ ባለቤት ግን የራሱን ስም ለማስመለስ ይከራከራል።

በአገራችን የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። በዚህ አዋጅ ምዝገባ ለ7 ዓመት ይጸናል፤ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። መብቱ የተነካበት ባለምልክት በመጀመሪያ በጽሑፍ ቢያስጠነቅቅ መልካም ነው። ያ ካልሠራ ፍርድ ቤት ድርጊቱን እንዲያግድለትና ኪሣራውን እንዲያስከፍልለት ይጠይቃል። ሆነ ብሎ መብት የጣሰ ሰውም ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል።

ነገር ግን መንግሥት ለቡናው ስም የሚሰጠው ፈቃድ የስም ኪራይ የማይከፈልበት ነው፤ ጥቅሙ የታሰበው ስሙ ሲታወቅ የሻጩ የመደራደር ኀይል እንዲጠነክር ነው። ይህ ጥቅም ለገበሬው ካልደረሰው፣ በሐረርጌ እንደሚታየው ቡናውን ነቅሎ ጫት ይተክላል፤ ያን ጊዜ የሚጠበቀው ስም ያለ ቡና ይቀራል። ስለዚህ የሕግና የንግድ ትምህርት ተማሪዎች የሆን ሁሉ የውሉን ቃል ከማንበብ ዐልፈን፣ የስሙ ዋጋ ከኬሻው ተነሥቶ እስከ ገበሬው እጅ ምን ያህል እንደሚደርስ ብንመረምር ለአገር የሚጠቅም ሥራ ይሆናል እንላለን።