ስለ ጀልባ ሞተር የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን አመራረጥና አለዋወጥ

በጣና፥ በዓባያና በጫሞ ሐይቆች ላይ ለሚመላለሱ የሞተር ጀልባዎች መለዋወጫ ዕቃ ለሚያስመጡና ለሚሸጡ አባሎቻችን፥ በዚህ ሳምንት ስለ አንድ ቀጭን ዕቃ ማስረዳት ወደናል። ይኸውም በጭስ ማውጫው ማኒፎልድ መጋጠሚያ የሚገባው ጓርኒሲዮን ነው። ዋጋው ከሞተሩ ዋጋ ጋራ ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ነገር ግን ዐይነቱ ተሳስቶ የገባ እንደ ሆነ ሞተሩን እስከ መስበር ይደርሳል።

የመኪና ማኒፎልድ ነፋስ እየመታው ይቀዘቅዛል። በጀልባ ሆድ ውስጥ የተተከለ ሞተር ግን ነፋስ በማያገኝ ክፍል ስለሚሠራ፥ ማኒፎልዱ ብዙውን ጊዜ ድርብ ግድግዳ ያለው ነው፤ በውስጠኛው መንገድ ጭሱ፥ በግድግዳዎቹ መካከል ውሃው ያልፋል። በማኒፎልዱ ላይ ክርን መሳይ ቧንቧ ይቀመጣል፤ ጭሱና ውሃው ተቀላቅለው ወደ ውጭ የሚፈሱት ከዚህ ክርን በኋላ ነው። ስለዚህ ጓርኒሲዮኑ በሁለት ስፍራ ይገባል፤ አንዱ በቴስታታውና በማኒፎልዱ መካከል፥ ሁለተኛው በማኒፎልዱና በክርኑ መካከል።

የፊተኛው ሲበላሽ የሞተሩ ክፍል ጥላሸት ይለብሳል፥ የማፏጨት ድምፅም ይሰማል። ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በጀልባው ውስጥ ተጠራቅሞ ሰው ሊገድል ይችላል። ሁለተኛው ሲበላሽ ደግሞ ውሃ ወደ ጭሱ መንገድ ሾልኮ፥ ሞተሩ ቆሞ ባደረበት ሌሊት ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ውሃ እንደ አየር አይታመቅምና በማግስቱ ሞተሩ ሲነሣ ቢዬላው ይጣመማል።

አሁን ወደ ንግዱ ነገር እንመለስ። ሜርክሩዘርና ቮልቮ ፔንታ ለብዙ ዓመታት ከሸጧቸው ባለ ስምንት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተሮች ብዙዎቹ መሠረታቸው የጄኔራል ሞተርስ የመኪና ሞተር ነው። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ባለሱቅ የመኪናውን ጓርኒሲዮን አውጥቶ «ይኸው ነው፥ ይገጥማል» ይላል። የብሎኑ ቀዳዳ መግጠሙ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ለክርኑ የሚሆነው ጓርኒሲዮን በውጭ መልኩ አንድ እየመሰለ፥ አንዱ የውሃ መንገዱ ሙሉ ክፍት፥ ሌላው በጠባብ ቀዳዳ የተወሰነ፥ ሦስተኛውም ጨርሶ የተደፈነ ሆኖ ይሠራልና። ልዩነቱ የሚመጣው ሞተሩ በቀጥታ ከሐይቁ በሚሳብ ውሃ ወይም በራሱ ዝግ ዙር በሚመላለስ ውሃ ከመቀዝቀዙ ነው። የተደፈነው በክፍቱ ስፍራ ቢገባ ክርኑ ውሃ አጥቶ ይግላል፥ ከእርሱ ጋራ የተያያዘው የጎማ ቧንቧም ይቃጠላል። ስለዚህ ትእዛዝ ሲጻፍ የጀልባው ስምና የሞተሩ የፈረስ ጉልበት አይበቃም፤ በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ተከታታይ ቁጥር ፊደል ሳይቀር ተገልብጦ ይላክ። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ለናሙና መላክም ይረዳል፤ ሆኖም ቀድሞውኑ የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል ቁጥሩን አይተካም።

የአለዋወጡ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ረቂቅ አይደለም። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ባትሪው ይፈታል፥ የውሃው መግቢያ ይዘጋል፥ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ውሃም ይቀዳል። የዛጉ ብሎኖች በኀይል ቢፈቱ ስለሚሰበሩ አስቀድሞ ዝገት የሚያለሰልስ ዘይት ማፍሰስ ይገባል። ከብረት የተቀረጸ ማኒፎልድ ከባድ ነውና አንድ ሰው ብቻውን አያንሣው። ፍቅፋቂው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ቀዳዳዎቹ በጨርቅ ይወተፋሉ (ጨርቁ ተረስቶ እንዳይቀር!)፤ ከዚያም አሮጌው ጓርኒሲዮን ብረቱን ሳይቧጭሩ ተፍቆ ይነሣል። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ሲያጋድሙበት በሥሩ ብርሃን የሚሾልክ ከሆነ፥ ፊቱ ስለ ተጣመመ በማሽን ይስተካከል ወይም ይለወጥ፤ በተጣመመ ፊት ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን መግጠም ገንዘብ መጣል ነው። ሠሪው ፋብሪካ ካላዘዘ በቀር ማጣበቂያ አይቀባም። ብሎኖቹ ከመካከል ወደ ዳር፥ በሁለት ወይም በሦስት ዙር፥ በሠሪው መጽሐፍ በተጻፈው ልክ ይጠብቃሉ። አንድ ጊዜ ተጨምቆ የወጣውን ጓርኒሲዮን መልሶ ማስገባት አይገባም።

በመደብር ውስጥ ጓርኒሲዮንን በምስማር ማንጠልጠል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም። ከነማሸጊያውና ከነቁጥሩ ተጋድሞ ይቀመጥ። ከብዙ ዘመን የቆየ ዕቃ በመጋዘኑ ያለው ነጋዴም ልብ ይበል፤ የጥንቱ ጓርኒሲዮን ብዙ ጊዜ ከአስቤስቶስ የተሠራ ነው፥ ብናኙም የሳንባ ካንሰር ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት ከጥቂት ልዩ ፈቃድ በቀር እ.ኤ.አ. ከ2005 መጀመሪያ ጀምሮ ሽያጩን ከልክሏል። ምንነቱ ያልታወቀውን አሮጌ ጓርኒሲዮን የሚፍቅ መካኒክ አርጥቦ ይፋቀው እንጂ በደረቁ በሽቦ ብሩሽ አያብንነው።

ለጉምሩክ መግለጫ፥ ብረት ከሌላ ነገር ጋራ ተጣምሮ ወይም ከሁለትና ከዚያ በላይ የብረት ንጣፍ የተሠራው ጓርኒሲዮን በዓለም አቀፉ የዕቃዎች መለያ በቁጥር 84.84 ሥር ይመደባል፤ ከጎማ ብቻ የተሠራው ግን በዚህ ቁጥር አይገባም፥ በጎማ ዕቃዎች በ40.16 ይመደባል። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ «ጓርኒሲዮን» ተብሎ ብቻ ሳይሆን የተሠራበትም ነገር ተለይቶ እንዲጻፍ ሻጩን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።